የሱቅ መስኮት ጉዳይ

በኦቾሎ ዐለታማ ኮረብታ ላይ ነፋስ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ሆኖም የጓሮ መስኮቱ በጆንያ በተደፈነ ሱቅ ውስጥ ለነጋዴውም ለደንበኛውም አይደርስም። የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ሲያስል የሚወጣው ረቂቅ ቅንጣት በታፈነ ክፍል ለብዙ ሰዓት ተንሳፎ ይቆያል፤ በ2012 ዓ.ም. አገራችን የገባው ኮሮናም ይህንኑ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. መኖሪያ ላልሆኑ ቤቶች በሰው ልክ በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። ለትንሽ ሱቅ ከደጃፉ ትይዩ፣ ከጣሪያው ሥር መስኮት ቢከፈት ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሞቃቱም አየር ሽቅብ ስለሚሄድ መውጫ ያገኛል። ነጋዴው ሌባንና አቧራን መፍራቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የብረት ፍርግርግና የወንፊት ሽቦ ወጪ፣ ባለቤቱ ታሞ ሱቁ ተዘግቶ ከሚከርምበት ኪሳራ ያንሳል። የስኳሩም ጆንያ ዛሬውኑ ወደ ሌላው ግድግዳ ይዛወር።