ዘንድሮ አልሆነም፤ ከርሞስ?

ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ወደ ውጭ አመልክቶ ያልተሳካለት ሰው በዓመቱ ደግሞ ያመልክት ወይ? በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሁለት ባልደረቦች ተሟግተውበታል። አንደኛው ወጣት የስታቲስቲክስ መምህር ነው። ሁለተኛዋ በኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ዶክተር ናቸው።

ይሞከር

የሪጄክሽን ኢሜይል አንብቦ "አልበቃሁም ማለት ነው" የሚል ተማሪ ሲገጥመኝ፣ ይህን የሚለው መስመር የቱ ጋ እንዳለ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ይፈልጋል፣ ያጣዋል። ኢሜይሉ "ዘንድሮ ካመለከቱት በርካታ ብቁ ሰዎች መካከል" ብሎ ይጀምራል፣ "እናዝናለን" ይላል፣ መልካም ዕድል ይመኛል፣ አለቀ። ፍርዱን ከራሱ የጨመረው ተማሪው ነው።

ዳኝነቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልጥቀስ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኒውሪፕስ የሚባለው ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ ከቀረቡለት ጽሑፎች ውስጥ 166ቱን ሁለት ኮሚቴዎች ለየብቻ እንዲዳኟቸው አደረገ። በ43ቱ ላይ ተለያዩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንደኛው ኮሚቴ "ይለፉ" ካላቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡትን ሌላኛው ጥሏቸዋል። ዳኞቹ በመስኩ የበሰሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚያነቡትም ተሠርቶ ያለቀ ሥራ ነው። የቅበላ ኮሚቴ ግን የሚዳኘው ገና ያልተሠራን ነገር ነው፤ የ24 ዓመት ልጅ ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ከጥቂት ገጾች ይገምታል።

ገንዘቡም አለ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ የአሜሪካ የምርምር በጀት ሲናጋ በማሳቹሴትስ የሚገኘው ዩማስ ቻን የሕክምና ትምህርት ቤት ለባዮሜዲካል ፒኤችዲ አመልካቾች ሰጥቶት የነበረውን ቅበላ መልሶ ሰረዘ። እነዚያ ልጆች ደብዳቤው በደረሳቸው ቀን ጎበዞች ነበሩ። በተሰረዘባቸው ቀን ሰነፉ?

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ፕሮግራም ከመቶ አመልካች ስምንቱን ይቀበላል እንበል። ለስድስት ፕሮግራም ያመለከተ ሰው ቢያንስ በአንዱ የመግባት ዕድሉ 39 በመቶ ነው። በዓመቱ ለሌላ ስድስት ቢያመለክት ድምሩ 63 በመቶ ይደርሳል። ውሳኔዎቹ እርስ በርስ የማይነካኩ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ደካማ ፋይል የትም ደካማ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ዝቅ ይላል። ዕድሉ በሁለተኛው ዓመት መጨመሩ ግን አይቀርም።

በ2019 እ.ኤ.አ. በኔቸር ኮሙኒኬሽንስ የወጣ ጥናትም አለ። ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የምርምር ድጋፍ ጠይቀው ለጥቂት ያመለጣቸውን ጀማሪ ተመራማሪዎች፣ ለጥቂት ካገኙት ጋር ያነጻጽራል። ካመለጣቸው ውስጥ ከተቋማቱ የድጋፍ ሥርዓት ከአሥር አንድ ያህሉ ጨርሰው ጠፍተዋል፤ የቆዩት ግን በረጅም ጊዜ ከዕድለኞቹ የበለጠ የሚጠቀስ ሥራ አውጥተዋል። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ አትሜ እሰጣለሁ።

ወጪውስ? ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚወሰደው የጂአርኢ ፈተና ውጤት አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይረክሳል። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ለማመልከት ጨርሶ አያስከፍልም። የሚጠይቀው 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነውና፣ ዘንድሮ ሰዓቱ የጎደለበት ሠራተኛ ከርሞ ይሞላለታል። ሃርቫርድ በበኩሉ ለፒኤችዲ የሚያመለክት ሰው በዕድሜው ከሦስት ጊዜ በላይ ማመልከቻ እንዳያስገባ ይከለክላል። ከልካዩ እንኳ ሦስት አለ እንጂ አንድ አላለም።

የእኛ ሰው በዕጣ የሚወጣውን ዲቪ በየዓመቱ ሲሞላ ኖሯል። ሳይደርሰው ሲቀር ሳቅ ብሎ "ለከርሞ" ይላል። በብልጫ የሚገኘው ስኮላርሺፕ ላይ ሲደርስ ግን አንዴ ሞክሮ ያኮርፋል። ይህ ጠባይ ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ይብቃ

ዲቪ!

ዲቪ የሚሞላ ሰው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ፣ ፎቶውን ተነሥቶ፣ የኮንፈርሜሽን ቁጥሩን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ውጤቱ እስኪወጣ ይረሳዋል። ስኮላርሺፕ የሚጠብቅ ልጅ ሱቅ አይከፍትም። ሥራ አይዝም፤ "መስከረም ላይ እኮ ልሄድ ነው" ይላል። ቤት አይከራይም፤ ከጓደኛው ጋር ተዳብሎ ይሰነብታል። እጮኛ ያለው ሽምግልናውን ያስገፋል። ሰፈርተኛው "ገና አልሄድክም?" ማለት ሲጀምር በጓሮ በኩል መግባት ይለምዳል። ወንድሜ ይህን በየትኛው ዓምድ እንደደመረው አላየሁም።

ከክፍላችን በማዕረግ የተመረቀ አንድ ልጅ ነበር። ኅዳር በገባ ቁጥር ለሪኮመንዴሽን ቢሮዬ ይመጣል። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቶ ፐርሰናል ስቴትመንቱን ያሳየኛል። የፋይሉ ስም መጀመሪያ "ፋይናል" ነበር፤ በዓመቱ "ፋይናል አዲስ" ሆነ፤ ከዚያ "ፋይናል የመጨረሻ"። ውስጡ ያው ነው። አንድ ጊዜ ለስዊድን በሚላከው ላይ የሆላንዱ ዩኒቨርሲቲ ስም ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ቀርቶ አገኘሁት። ጠቆምኩት፤ አጠፋውና የስዊድኑን ተካበት፤ ሌላ ፊደል አልነካም።

የስቴትመንቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በገጠር የሚኖሩ እናቶችን ማገልገል የልጅነት ሕልሙ እንደሆነ ይናገራል። በዚያው ሰሞን አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የእናቶችና ሕፃናት ጤና ባለሙያ ፈልጎ አጥቶ ነበር። የነገርኩት እኔ ነኝ። "ዶክተር፣ እዚያ ከገባሁ በኋላ መልቀቂያ አይሰጡኝም" አለኝ።

ስለ ዳኞች መዋዠቅ ብዙ ተባለ። እኔ ዳኛ ብሆን ያን ልጅ አልቀበለውም ነበር፣ ስወደው እንኳ። የአሜሪካው ፉልብራይትም ቼቭኒንግም ተምረህ ስትጨርስ ሁለት ዓመት አገርህ ተመለስ ይላሉ። እናቶቹ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው እያሉ ያልሄደ ልጅ፣ ለንደን ደርሶ ሲመጣ ይሄዳል ብሎ ማን ይመን?

ባልደረባዬ ደግሞ "ይረክሳል" አለ። ጂአርኢው አምስት ዓመት ቢቆይ የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ ቶፍልና አይልትስ በሁለት ዓመታቸው ያረጃሉ። ጂአርኢ 220 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 12,500 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ28,000 ብር አለፈ። የስታንፎርድ አንድ ማመልከቻ ብቻ 125 ዶላር ነው። "ለስድስት ፕሮግራም" ሲል አፉን አልከበደውም! ልጆቹ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የላቸውም። የምትከፍለው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አክስት ናት፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ የካርዷን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልካለች። በመጀመሪያው ዓመት "ግባልኝ ብቻ" ብላ በደስታ ነው። በሁለተኛው ዓመት መልእክቱን አይታ ሳትመልስ ታድራለች። ልጁ በስታንፎርድ ከመገፋቱ ይልቅ ያቺ ሌሊት ታመዋለች፤ ነግሮኛል።

የሬጅስትራሩን ደጅ ጥናት፣ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፍሉ በጊዜያዊው ዲግሪ፣ በቴምፖ፣ መንከራተቱን እዘለዋለሁ። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን "ከአሥር አንድ ያህሉ ጨርሰው ጠፍተዋል" ብሎ በግማሽ መስመር ማለፉ ነው። የት ጠፉ? በጥናቱ ያመለጣቸው የተባሉት ሰዎች ቢሮና ደመወዝ የነበራቸው፣ እየሠሩ የጠበቁ ተመራማሪዎች ናቸው። እነሱ እንኳ ከአሥር አንድ ከጠፉ፣ የእኔ ተማሪ በተዳበለበት ክፍል ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ኢሜይል ሲያድስ የሚውለው ከስንት ስንት ይጠፋ ይሆን? ይህን ወረቀት አትሞ ለልጆች ሲያድል ያቺን ዓረፍተ ነገር ያሰምርላቸዋል ወይ?

እኛ አገር መጠበቅ ይወደሳል። ጽናት ይባላል፣ ጸሎትም ይጨመርበታል፤ እናት ስለት ትገባለች። ከዚያ በኋላ ልጁ ልተወው ቢል ሰባራ ይባላል። ስለዚህ አይተወውም፤ ከርሞ ጥጃ ሆኖ ይቀራል። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ አንዴ በደንብ ሞክር። ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት አታመልክት። ሥራ ያዝ፣ ደመወዝ ብላ፣ ሰው አክም ወይም አስተምር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ማንም ያልነገረህ፣ ራስህ ያየኸው ጥያቄ ይኖርሃል። ያን ጊዜ ብታመለክትም ባታመለክትም ሰው ነህ።

መልስ፦ ደብዳቤውስ?

ዶክተርን አከብራቸዋለሁ፤ ከሳቸው ጋር መሟገት ለኔ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ልጁ "ኅዳር በገባ ቁጥር" ቢሮአቸው ይመጣ እንደነበር ሲተርኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። በየዓመቱ መጣ ማለት በየዓመቱ ተጻፈለት ማለት ነው። ያልተቀየረ ስቴትመንት እያዩ የጻፉለት ደብዳቤስ ተቀይሮ ነበር? ወይስ ቀኑ ብቻ?

ይህን የምለው ለሳቸው ብቻ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው ልማዱን እናውቀዋለን፤ ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ ያመጣል፣ መምህሩ ሄዲንግ ባለው ወረቀት አትሞ ይፈርማል። "ትጉህ፣ ሰዓት አክባሪና ሥነ ምግባር ያለው" ይላል። ኮሚቴው ሕንድ ውስጥ ያለ ፕሮፌሰር ስለ ተማሪው የላብራቶሪ ሥራ የጻፈውን ሙሉ ገጽ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ያነባል። ስንቱ ልጅ በእኛ ሁለት አንቀጽ እንደወደቀ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ተመልሰን ልጁን ጥጃ እንለዋለን።

ተማሪዎቼም ፍራሽ ላይ ተጋድመው አይጠብቁም። የሚያስጠና አለ፣ ለሌላ ሰው ጥናት ዳታ የሚሰበስብ አለ፣ ማታ ራይድ የሚነዳ አለ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ጂአርኢ መጠየቅ ትተዋል። የማመልከቻ ክፍያ የሚያነሡም አሉ፤ ለውጭ አገር አመልካች የማያደርጉ ቢኖሩም ጠይቆ "አይሆንም" መባል ዶላር አያስወጣም።

"ሁለት ሦስት ዓመት ቆይ" የሚለው ምክር ደግሞ ነጻ አይምሰላቸው። የጀርመኑ ዳአድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ የመጨረሻ ዲግሪህ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳያልፈው ይፈልጋል። ወረዳ ወርዶ መልቀቂያ የተከለከለ ልጅ ይህ ሰዓት ይቆጥርበታል። ልጁ የፈራው ነገር እውነት ነበር።

የመጨረሻ ቃል፦ ማስታወቂያ

ሙግቱን ትቶ ፊርማዬ ላይ መጣ።

ተማሪ አርቅቆ ባመጣው ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። ይህን የሚያደርግ መምህር ካወቀ በስሙ ይጥራው እንጂ በጅምላ አይናገር። ደብዳቤ ያየሁትን ነው የሚናገረው። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ያልሠራውን ሠርቷል ብዬ ልጻፍለት? እስቲ የስታቲስቲክስ መምህር ይንገረኝ፤ ያልተሰበሰበ ዳታ ላይ ምን ይጨመራል?

ራይድ የሚነዳውን ልጅ ስለጠቀሰልኝ አመሰግነዋለሁ። እንዲህ ያሉ ልጆች እኔም ጋ ይመጣሉ። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ያመላለሰ አለ፤ "አልጋ የለም" ሲባል እዚያው ቆሞ የሰማ አለ። ቢሮዬ ቁጭ ብለው ይህን ሲያጫውቱኝ እውነተኛ የጤና ተመራማሪ ይመስሉኛል። ስቴትመንታቸውን ስከፍት ግን ራይድ የለም፤ ያፍሩበታል። ያሉት ከኢንተርኔት የመጡ የገጠር እናቶች ናቸው። ይህን ጻፍ ስለው "ዶክተር፣ ሾፌር ነህ እንዳይሉኝ" ያለኝ አለ።

ስለ ዳአድ ስድስት ዓመት የተባለውን ሰምቻለሁ። ሦስት ከስድስት ያንሳል።

የቢሮዬ በር ላይ የሚከተለውን ለጥፌያለሁ። ከዘንድሮ ኅዳር ጀምሮ ለሁለተኛ ጊዜ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ የሚፈልግ ሁሉ፣ አምና የላከውንና አሁን የሚልከውን ስቴትመንት አትሞ ጎን ለጎን ይዞ ይቅረብ። የተቀየሩትን ዓረፍተ ነገሮች በእስክሪብቶ ያስምርባቸው። የዩኒቨርሲቲው ስም አይቆጠርም።