የመረጃ ሥርዓት ሲዘገይ መፍትሔው ሁልጊዜ አዲስ ሰርቨር አይደለም

(ትንታኔ)

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በመረጃ ቴክኖሎጂ መደገፍ ከጀመሩ ወዲህ «ሲስተሙ ተጨናንቋል» የሚለው ምላሽ በተገልጋዩም ሆነ በሠራተኛው ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ችግሩ ሲደጋገም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ የአዲስ ሰርቨር ግዥ ነው። ይሁን እንጂ የመዘግየቱ መንስኤ ከማሽኑ አቅም ይልቅ የሶፍትዌሩ ቅንብር የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ አንዱ ማሳያ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በደቡብ አፍሪካ ከተጀመረ ፕሮጀክት የመነጨው ይህ ነፃ ሶፍትዌር በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማ ሲሆን፣ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ኢትዮጵያም ከጤና ተቋማት የሚሰበሰበውን ወርሃዊ ሪፖርት የምታጠናቅረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሶፍትዌሩ በጃቫ ቋንቋ፣ ስፕሪንግና ሂበርኔት በተባሉ ማዕቀፎች የተገነባ ሲሆን፣ በቶምካት ላይ ይሠራል፤ መረጃውንም ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ ያከማቻል።

ከተጠቃሚው የሚላክ እያንዳንዱ ጥያቄ በሦስት በሮች ያልፋል። የመጀመሪያው ቶምካት ሲሆን፣ በመነሻ ቅንብሩ በአንድ ጊዜ 200 ጥያቄዎችን ያስተናግዳል። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ ወደ ዳታቤዙ የሚከፍታቸው ግንኙነቶች ናቸው፤ በዲኤችአይኤስ 2 መነሻ ቅንብር ቁጥራቸው ቢበዛ 80 ነው። ሦስተኛው ራሱ ዳታቤዙ ሲሆን፣ በመነሻ ቅንብሩ ከ100 በላይ ግንኙነት አይቀበልም።

ሪፖርት ማስገቢያው ቀን ሲደርስና በርካታ ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ወደ ሥርዓቱ ሲገቡ፣ 200 ሰዎች የመጀመሪያውን በር ቢያልፉም ዳታቤዝ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ 120ዎቹ በሁለተኛው በር ተራ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ የቶምካትን ቁጥር ወደ 1000 ማሳደግ ሰልፉን ከደጅ ወደ ውስጥ ከማስገባትና የማሽኑን ማህደረ ትውስታ ከማጣበብ ያለፈ ፋይዳ የለውም። በአንድ ዳታቤዝ ላይ ዋናውና ለሥልጠና የተዘጋጀው ሥርዓት ጎን ለጎን ቢሠሩ ደግሞ ሁለቱ እስከ 160 ግንኙነት ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህም ከ100 ስለሚበልጥ የተወሰኑ ጥያቄዎች ውድቅ ይሆናሉ። በመሆኑም ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ ተገናዝበው መወሰን ይኖርባቸዋል።

የማህደረ ትውስታ አጠቃቀምም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ጃቫ መጠኑ ካልተወሰነለት በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ለሥራው የሚወስደው ከማሽኑ ማህደረ ትውስታ አንድ አራተኛውን ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ ማሽኑ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ለራሱ የጋራ ማቆያ የሚይዘው በመነሻው 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለሆነም 64 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ተገዝቶ ቅንብሩ ካልተስተካከለ የጃቫው ሶፍትዌር ከ16 ጊጋባይት የዘለለ አይጠቀምም። በተቃራኒው ለሁሉም ያለ ልክ ቢመደብ ማሽኑ ወደ ዲስክ መገልበጥ ስለሚጀምር ሥራው ይበልጥ ይጓተታል።

የሥራ ሰዓት አመዳደብም ሌላው ጉዳይ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ለትንተና የሚያገለግሉ ሠንጠረዦችን ከጥሬው መረጃ እያዘጋጀ ያስቀምጣል። ይህ ከባድ ሥራ መረጃ በሚገባበት ቀትር ላይ ቢከናወን ዳታቤዙን ስለሚሻማ ለሌሊት ቢመደብ ይመረጣል።

በሌላ በኩል ቅንብር ብቻውን የማይፈታው ችግርም አለ። በሂበርኔት የተጻፈ ገጽ የ500 ጤና ተቋማትን ዝርዝር ለማሳየት አንድ ጥያቄ ከላከ በኋላ ለእያንዳንዱ ተቋም ሌላ ጥያቄ የሚልክ ከሆነ በድምሩ 501 ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ይመላለሳል። ይህ የሚታረመው በፕሮግራም አዘጋጁ ነው። የማሽኑ ፕሮሰሰር ወይም ዲስክ ያለማቋረጥ በሙሉ አቅሙ መያዙ በልኬት ከተረጋገጠና ቅንብሩም ኮዱም ከተፈተሹ በኋላ ለውጥ ካልመጣ ግን የአዲስ ሰርቨር ጥያቄ ተገቢ ይሆናል።

ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። የወባ በሽታ መጨመሩን የሚያሳይ ሪፖርት በሥርዓቱ መጨናነቅ ምክንያት ቢዘገይ መድኃኒት የማከፋፈሉ ውሳኔም አብሮ ይዘገያል። በመሆኑም ኃላፊዎች የግዥ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ሰልፉ በየትኛው በር ላይ እንዳለ የሚያሳይ ልኬት እንዲቀርብላቸው መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። ከአቅራቢዎች ጋር በሚገባ ውልም በከፍተኛ ጭነት ጊዜ የሚደረግ ፍተሻ፣ የቅንብር ሰነድ ርክክብና የባለሙያ ሥልጠና ሊካተቱ ይገባል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ማሽን ብቻ ከተለወጠ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ አሮጌው ሰልፍ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ይቀጥላል።