ጀልባ የለንም፤ ሮቶ አለን

ባሕር ባላቸው አገሮች ጀልባ የገዙ ባልና ሚስቶች ኑሯቸው ከሩቅ ሲታይ ያስቀናል። ፎቶው ላይ ነጭ ሸራ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ሁለት ብርጭቆ ይታያል። ፎቶው ላይ የማይወጣው ጀልባዋ ከውኃ ተጎትታ ሆዷ ላይ የተጣበቀው አረንጓዴ አተላና ዛጎል ሲፋቅ የሚዋልበት ቀን ነው። ሽንት ቤቷ ሲደፈንም ብዙ ጊዜ እጁን የሚሰድደው ባለቤቱ ራሱ ነው። ወደቡ ላይ የሚጠጣው የማታ ሻይ የሚጣፍጠው ከዚያ በኋላ ነው ይላሉ።

የእኛም አገር ጀልባ ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውኃ ይጠጣል። ከዋለበት ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ተጠንቅቀውለትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። (ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት “ራ” የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ሳትደርስ ፈረሰች፤ በዓመቱ የተነሣችው ሁለተኛዋ ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።)

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቆሼ ነው። ጀልባ የለንም፤ ሰገነታችን ላይ ግን ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለን፤ እሱም ሆድ አለው፣ ሆዱም ይፋቃል።

እናንተ ቤት ያለው ሮቶ መቼ ታጠበ? ክዳኑን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት አንዴ ወደ ታች ተመልከቱ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የመጀመሪያው ግፊት የቧንቧውን ዝገትና ጭቃ ይዞ ይገባል፤ ጭቃው ረግቶ መሬቱን ይለብሳል። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ብርሃን ይገባና አልጌ ያበቅላል። እኛ ሰፈር ደግሞ አሞራው ከክምሩ ያነሣውን አጥንት ይዞ ይመጣና ቆርቆሮው ላይ ይለቀዋል። እንግዳ ሲደነግጥ እኛ ለምደነዋል፤ ሮቶው ክዳን ላይ ሲያርፍ ግን አንወደውም። ልጆቻችን ጥርሳቸውን የሚፋቁት በዚህ ውኃ ነው።

አብዛኛው ቤት ለዚህ ሥራ የቀን ሠራተኛ ይጠራል። ብር ይሰጠዋል፣ ይገባል፣ ይወጣል፤ ውስጡ ምን እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቆሼ ለሚኖር ሰው ይህ ነገር ትንሽ ይከብደዋል። አዲስ አበባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን “አስወገድኩ” ስትል የቆየችው እዚህ እያመጣች ነው። የእሷ ቆሻሻ የሰው ጎረቤት ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቤት አከራዮች አሁንም “አየር ጤና አካባቢ” ማለት ይቀናቸዋል። ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ለምን እንደሚሉት ይገባኛል፤ እኔ ግን የት ትኖሪያለሽ ስባል ቆሼ ነው የምለው።

ስለዚህ ሮቶውን የምናጥበው ራሳችን፣ ለሁለት ነው። ለሁለት የሚሆነው ለፍቅር ብቻ አይደለም። የተዘጋ ነገር ውስጥ የገባ ሰው ብቻውን መሆን የለበትም፤ አንዱ ውስጥ ከሆነ አንዱ አፉ ላይ ቆሞ ሊያወራው ይገባል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከሆነማ ጨርሶ አይገባበትም። እዚያ ያለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል። እሱ የመምጠጫ መኪና ሥራ ነው።

እኛ ቤት የምገባው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም የሮቶው አፍ የባለቤቴን ትከሻ አያሳልፍም። ከጎን ያሉት እትዬ መጀመሪያ ያዩኝ ጊዜ “አንቺ ልጅ፣ ባል እያለሽ አንቺ ነሽ እዚያ የምትገቢው?” ብለው ጮኹ። ባለቤቴ “እኔ ብገባ በመጋዝ ነው የምታስወጡኝ እትዬ” ሲላቸው ሳቁ፤ ግን እስክወጣ ድረስ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚጠጣና የሚበሰልበትን ውኃ አስቀድማችሁ በጀሪካን ቅዱ። ከፈረቃችሁ ቀን በፊት ሮቶው እስኪጎድል ተጠቀሙና መግቢያውን ዝጉ። የቀረውን አውጡ፤ ጭቃውን በጨርቅና በሰፌድ ሳህን ዝፈቁ። ግድግዳውን በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉ፤ ሽቦ ፕላስቲኩን ስለሚቧጭረውና ጭረቱ ደግሞ ቆሻሻ ስለሚይዝ አይሆንም። ሮቶው ትንሽ ከሆነ ወይም አፉ ከጠበበ ማንም አይግባ፤ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ይበቃል። ውኃው ሲመጣ በረኪና ጨምሩ፦ ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ለየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር። ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉና እስከ ማግስቱ ተዉት። ያ ውኃ አይጠጣም፣ ጎመንም አይጠጣበትም፤ ለወለል፣ ለግቢና ለሽንት ቤት ግን ይሆናል፤ መቼም በዚህ ከተማ 2,000 ሊትር ዝም ብሎ የሚደፋ ሰው የለም። በሚቀጥለው ፈረቃ ንጹሑን ትሞላላችሁ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አታገናኙ፤ ሰው ውስጥ እያለም አትጨምሩ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። ሮቶ ውስጥ ድምፅ ያስተጋባል፣ ይጨልማል፤ ከላይ ክብ ሰማይና የአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ይታያል። ባለፈው ጊዜ ባለቤቴ ባልዲውን በገመድ እየሳበ መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኛ ሊቀንስ እንደሆነ ነገረኝ። ወሬውን ከሰማ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ ስንቀርብ ያልተነፈሰውን፣ ፊቴ በማይታየው ጊዜ አወጣው። እኔም ብሩሹን ሳላቆም “ደብዳቤ ደርሶሃል?” አልኩት። “አልደረሰኝም” አለ። “እንግዲያው ውኃውን አውርድልኝ” አልኩት፤ ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም ነበር። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የእሱን እናት ወርኃዊ ድጎማ፣ ሁሉንም እዚያው ባልዲ እየተቀባበልን አሰላነው። የእኔ ደመወዝ ብቻውን ስንት ወር እንደሚይዘን ቁጥሩን ይዘን ወረድን። ሳሎን ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ የምንጣላ ይመስለኛል።

ከሥራ በኋላ ያለው የእኛ ወደብ ሰገነቱ ነው። ልብስ ቀይረን፣ እግራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። እትዬ ቡናውን ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ፤ ደረጃው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሲኒውን ባለቤቴ ይቀበላቸዋል። ከታች ያለው ባለ ጋራዥ ጎረቤታችን ብሩሹን አይቶ “እኛም ጋ እኮ ሁለት ዓመት ሆነው” ይላል። አንዱ ስለ ፈረቃ ያማርራል፣ አንዱ የቧንቧ ቆጣሪ ያነሣል። ከፊታችን በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ፣ ከጎኑ ሣር የጀመረው ክምር አለ። ነፋሱ ከዚያ ሲዞር እትዬ ዕጣን ይጨምራሉ፤ ወሬውም አይቋረጥም።

የታጠበበትን ቀን ሮቶው ጎን ላይ በቀለም እንጽፋለን፤ ቀጣዩ ከስድስት ወር በኋላ ነው። መሰላሉ ግን አሁን እኛ ጋ የለም። ባለ ጋራዡ ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር እወጣበታለሁ ብሎ ወስዶታል፤ እትዬም ቡናውን ወደዚያ እንደሚያዞሩት ነግረውናል።