ዕጣው ለሚያድሩት፣ በሩ ለሚሮጡት

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሌቨንወርዝ ከምትባለው ትንሽ ከተማ በላይ፣ ኮልቸክ የሚባል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ውኃው በእግር 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ዳገት ነው። በግንቦትና በሰኔ ታች ከተማው ሲሞቅ እዚያ ላይ በረዶው ገና አለቀቀም። ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢያስኬድ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ለሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ለማደር ከግንቦት እስከ ጥቅምት ፈቃድ የግድ ነው። ፈቃዱ በአብዛኛው የሚገኘው በየካቲት ማመልከቻ ተቀብሎ በሚወጣ ዕጣ ነው፤ አመልካቹ ደግሞ ካለው ቦታ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀን ገብቶ ቀን ለሚወጣ ግን ዕጣ የለም። መንገዱ መነሻ ላይ ወረቀት ይሞላል፣ ይገባል። ወረቀቱ ክፍያ የለውም፣ በቀን ይህን ያህል ሰው ብቻ የሚል ገደብም የለውም።

ውጤቱ ምን ሆነ? ዕጣ ያልደረሰው ሁሉ ቤቱ አልተቀመጠም። ኮልቸክን አልፎ፣ አስጋርድ የሚባለውን መተላለፊያ ወጥቶ፣ በላይኛዎቹ ሐይቆች አድርጎ በሌላ በኩል የሚወርደውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአንድ ቀን ሊጨርስ ገና ሳይነጋ ይነሳል። አስጋርድ ከሐይቁ ጫፍ ተነስቶ በአጭር ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ገደል መሳይ ነው።

የሰኔ በረዶ ደግሞ የዋህ አይደለም። ማለዳ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ጫማው ሥር የብረት ጥርስ ያላሰረ ሰው ይንሸራተታል። ከሰዓት በኋላ ይላላና እግርን እስከ ጉልበት ይውጣል። የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው። ከሥር የሚወርደው ጅረት በረዶውን ከውስጥ እየበላ ባዶ ያደርገዋል፤ ላዩ ግን ደህና መሬት ይመስላል። ቁልቁለቱን ቁጭ ብለው እየተንሸራተቱ ሲወርዱ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ሐይቁ ዳር ያደረ ሰው ቢያንስ ጊዜ አለው። ማታ ቁልቁለቱን ያያል፤ ጠዋት በረዶውን ረግጦ ይፈትናል፤ ካላማረው ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። የአንድ ቀን ተጓዡ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሆኖ መመለስ ሽንፈት ይመስለዋል፤ መሽቶበታልም። እንግዲህ ሥርዓቱ በቁጥር የያዘው ጠንቃቃውን ነው፤ የሚሮጠውን ለቆታል።

ይህን ክፍተት የሚሞሉት ሬንጀሮች ነበሩ። ወረቀት ያያሉ፣ መጸዳጃውን ያጸዳሉ፣ በካምቦ ጫማ የመጣውን ወጣት «ወዴት ነው?» ብለው ያስቆማሉ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የደን አገልግሎት በሙከራ ጊዜ ላይ የነበሩ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን አሰናበተ። በሕግ ክርክር የተመለሱ ቢኖሩም፣ ተራራ ላይ የነበረው እጥረት በዚያ አልተፈታም። የመንግሥትን ወጪ መቀነስ የሚደግፍ ሰው እንኳ ይህ የትኛው ብክነት እንደሆነ ለማስረዳት ይቸገራል። (ስሜን ተራሮችን የጎበኘ ያውቀዋል፤ ከደባርቅ ያለ ስካውት አይነሱም። አንዳንዱ እንግዳ ያጉረመርማል፤ ጉም ሲወርድ ግን ከስካውቱ ጎን አይለይም።)

የሕዝብ መሬት ነው፣ የቀን ተጓዡም ይገደብ ማለት ተራራውን ዕድለኛ ለሆነ ብቻ መስጠት ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ቅዳሜ ብቻ ዕረፍት ያለው ሠራተኛ በየካቲት ሆኖ የሰኔን ፕሮግራሙን ከየት ያውቃል? ግን ዓመቱን ሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። አስጋርድ ላይ በረዶ ባለባቸው ሳምንታት ብቻ የሚሻገረው ሰው ቁጥር ይወሰን፣ ሐይቁ ዳር የማደሪያው ቦታ በጥቂቱ ይጨመር፣ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ደግሞ ዳገቱ እግር ሥር አንድ ሬንጀር ይቁም። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ሰው የወቅት ደመወዝ ነው፤ አንድ የተጎዳ ሰው ለማውጣት ግን ሄሊኮፕተርና ብዙ በጎ ፈቃደኛ ይሰማራል።