መኪና የሚመረጠው ለሚያየው ነው ወይስ ለሚሳፈረው?

የትዳር፣ የቤት ኪራይና የእቁብ ጥያቄ ሲያጣድፈን ከርሞ በዚህ ሳምንት ደግሞ የመኪና ጥያቄ መጥቶልኛል። ጠያቂው እኔም እንደምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሜሪላንድ በኩል የሚኖሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። እንደ አምዳችን ልማድ ስማቸውን አንጠቅስም። ደብዳቤያቸው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«እናቴ ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ ልትመጣልኝ ነው። ያለችን መኪና የምትይዘው አምስት ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴ ሚኒቫን እንግዛ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከፍ ያለች ኤስዩቪ ነው ያማረኝ። እውነቱን ለመናገር ጓደኞቼ ‹ታክሲ ጀመርክ እንዴ?› እንዳይሉኝ እሰጋለሁ። በእጄ ያለው 14 ሺህ ዶላር ነው። አንድ ያገር ልጅ 118 ሺህ ማይል የሄደች የ2014 ቶዮታ ሲየና በ12 ሺህ እሰጥሃለሁ ብሎኛል። ሌላው ደግሞ ‹ያገለገለ መኪና የሰው ጣጣ መግዛት ነው፣ አዲሱን ሃይብሪድ በብድር ውሰድ› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል? ግራ የተጋባው አባት»

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ አንጀቴም ተላወሰ። ይህንኑ መንገድ እኔ ራሴ ሄጄበታለሁ፤ ያውም በባዶ እግሬ። ስለዚህ ምክሩ ከመምጣቱ በፊት የራሴን ጉድ ላውጋዎት።

የታክሲው ነገር አይፈረድብንም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሚኒባስ ሲባል ዓይኑ ላይ ድቅን የሚለው ሰማያዊና ነጭ ቀለም፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት ነው። እኔም ይህን ፈርቼ ኮሚቴ የሚያክል ኤስዩቪ ገዛሁ። በ2013 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እናቴ መጣች። ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቃቅፈን፣ አልቅሰን፣ መኪናው ዘንድ ስንደርስ እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። ጉልበቷ ከድሮም በሽተኛ ነው። ከኋላዋ ሆኜ ደግፌ ወደ ላይ ገፋኋት። ከተቀመጠች በኋላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ እንደ ጤፍ ጆንያ ጫንከኝ እኮ!» ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ በየቀኑ ያው ጭነት ሆነ። ኋላማ «ዛሬ ደከመኝ፣ እናንተ ሂዱ» ማለት አመጣች። ድካም እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኤስዩቪውን ሸጥኩና ሚኒቫን ፈለግሁ። አንድ የማውቀው ያገር ልጅ የ2005 ሲየናውን ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። 98 ሺህ ማይል ሄዳለች፣ ታጥባ ታብረቀርቃለች። ቤቱ ሄጄ አየኋት፤ በቀኝ ጎኗ ከግድግዳ ጋር ተጠግታ ቆማለች። ሞተሯን አስነስቶ አሰማኝ። ቡና ጠጣን፣ ዋጋ ቆረጥን፣ ተጨባበጥን። መካኒክ? ኧረ ምን በወጣኝ! ያገር ልጅ አይደል እንዴ!

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማታ፣ እናቴንና ልጆቹን ይዤ በ495 አውራ ጎዳና ላይ ስሄድ ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ። እንደምንም ወደ ቀኙ ዳር አወጣኋት። የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሷል። ልጆቹን ከመኪናው ላውጣ ብል የቀኙ ተንሸራታች በር አልከፈት አለ። ለካ ገመዱ ከተበጠሰ ቆይቷል! ከግድግዳ ጋር ተጠግታ የቆመችው ለካስ ለዚህ ኖሯል! የሚከፈተው የግራው በር ብቻ ነው፤ በግራ በኩል ደግሞ የጭነት መኪናው ያለ ማቋረጥ ያልፋል። ልጆቹን በፊት ወንበር በኩል እያሻገርኩ አወጣሁ። እናቴ ግን በዚያ ጉልበቷ መሻገር አልቻለችም። ጎታች መኪና እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ያህል እዚያው ተቀምጣ ስትጸልይ ቆየች። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መኪናዋ ስትነቀነቅ እስካሁን ይታየኛል።

ለሻጩ ደወልኩለት። «አንተ መቼ ጠየቅከኝ?» አለኝ። አዘንኩበት፣ ተኳረፍን። አሁን ሳስበው ግን አንድ እውነት ተናግሯል፤ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ እንምጣ።

በቅድሚያ ተሳፋሪ ይቆጠር

እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሦስት ልጆችና እናትዎ ስድስት ናችሁ። ሦስት ረድፍ ያለው ኤስዩቪ ስድስት ሰው ይይዛል፤ አልክድም። ነገር ግን በብዙዎቹ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ፖርታ ባጋጁ ጠባብ ይሆናል። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ደግሞ በርበሬና ሽሮ የሞላ ሁለት ሻንጣ ሳይዝ አይመጣም። ሚኒቫን ከኋላ ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ ሰው ሞልቶም ሻንጣ ይውጣል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ አረጋዊ ሰው እንደ ቤት ደፍ ተራምዶ ይገባል። በሩ ተንሸራታች ስለሆነ ልጅ ከፍቶ የጎረቤትን መኪና አይገጭም። በዚህ ላይ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ይስሟቸው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። ሚኒቫን የቤተሰብ መኪና ስለሆነ ብቻ ከኋላ የተቀመጠውን ፈጽሞ ይጠብቃል ማለት አይደለም። በአሜሪካ መኪና እየገጨ የሚፈትነው የመድን ድርጅቶች ተቋም በ2023 አራት ሚኒቫኖችን ለሁለተኛው ረድፍ ተሳፋሪ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ሲፈትን፣ ሲየናም ውስጧ ሆና፣ አንዳቸውም «ጥሩ» ወይም «ተቀባይነት ያለው» የሚል ውጤት አላገኙም። ይህ ማለት ልጆቹን ወደ ፊት ያምጧቸው ማለት አይደለም፤ ለልጅ አሁንም የኋላው ወንበር ነው የሚሻለው። የልጆች ወንበር በደንብ ይታሰር፣ እማማም ቀበቶ ሳያስሩ መኪናው አይንቀሳቀስ ማለት ነው።

አዲሷስ?

ከ2021 ሞዴል ጀምሮ አዲስ ሲየና የሚመጣው በሃይብሪድ ብቻ ነው። ባለ 2.5 ሊትር አራት ሲሊንደር ሞተር ከኤሌክትሪክ ጋር ተዳምሮ 245 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በፊት ጎማ የሚነዳው ዓይነት በአንድ ጋሎን 36 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመድቧል። የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይይዛል። ጥሩ መኪና ናት። እንከኗ የሁለተኛው ረድፍ ወንበሮች ተነቅለው አለመውጣታቸው ነው። ሶፋና ፍራሽ ለማጓጓዝ ያሰበ ይህን ይወቅ።

ዋጋው ግን 40 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። 14 ሺህዎን ሁሉ ቢሰጡ 26 ሺህ ብድር ይቀርዎታል። በ7 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢከፍሉት በወር 515 ዶላር ያህል ነው፤ ወለዱ ብቻ 5 ሺህ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ግብሩና ኢንሹራንሱ ገና አልተነሣም። «በቤንዚን ይመለሳል» የሚልዎትን ወዳጅ እንዲህ ይበሉት፦ የ2014ቷ በጋሎን 21 ማይል ትሄዳለች እንበል። በዓመት 12 ሺህ ማይል ቢነዱ የምትበላው 571 ጋሎን፣ አዲሷ የምትበላው 333 ጋሎን ነው። ጋሎኑ 3 ዶላር ቢሆን ቁጠባው በዓመት 700 ዶላር ያህል ነው። የብድሩ ክፍያ ግን በዓመት ከ6 ሺህ ዶላር በላይ! በዓመት ሰላሳና አርባ ሺህ ማይል የሚነዳ፣ በመኪናው እንጀራ የሚበላ ሰው ቢሆኑ ሒሳቡ ሌላ ነበር። ለእርስዎ ግን ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ዕዳ መግባት ጠላ ለመቆጠብ ጋኑን መስበር ነው።

ያገለገለችው ስትታይ

ሲየና ሁሉ አንድ አይደለችም፤ ዓመቷን ይጠይቁ። ከ2004 እስከ 2006 የነበሩት ባለ 3.3 ሊትር ሞተር በቺንጋ የሚሠሩ ናቸው፤ ቺንጋው በየ90 ሺህ ማይሉ ይቀየራል። የእኔ ጣጣ ይኸው ነበር። ከ2007 ጀምሮ የመጣው 3.5 ሊትር በካቴና ስለሚሠራ ከዚህ ሐሳብ ነፃ ነው። እርስዎ የተባለችዋ የ2014 ካቴና ካላቸው ናት፤ አንድ ነጥብ አገኘች።

ሁለተኛው ጉዳይ በሩ ነው። በ2016 መጨረሻ ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩትን ሲየናዎች በኤሌክትሪክ ተንሸራታች በራቸው ምክንያት ለጥገና ጠርቷል፤ በአሜሪካ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። የእርስዎይቱ ዕድሜዋ እዚያው ውስጥ ነው። ተጠግና ይሁን አይሁን ለማወቅ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስተዋቱ ሥር የተጻፈውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ይገልብጡ። ይህን ቁጥር የመንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ ያልተሠራ ጥሪ ካለ በነፃ ይነግርዎታል። ካልተሠራ ወኪሉ ዘንድ ያለ ክፍያ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ከሆነች ጎማዎቹን ይዩ። እነዚያ ሞዴሎች ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ አየሩ ወጥቶም ትንሽ መንገድ የሚሄድ ልዩ ጎማ ነው የሚገጠምላቸው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። ያለቀ ከሆነ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ስትታይ እንዲህ ትታይ፦ በቀን፣ ሞተሯ ቀዝቅዞ እያለ፣ ከግድግዳ ርቃ! ሁለቱንም ተንሸራታች በሮች በቁልፉም፣ በእጅም አምስት አምስት ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። የኋላውን የአየር ማቀዝቀዣ ለብቻው ይሞክሩ። ምንጣፉን ገለጥ አድርገው ያሽትቱ፤ ጎርፍ የገባባት መኪና ሽታዋ አይደበቅም። የልጆቹን ወንበሮች ይዘው ሄደው በቦታቸው ይሰሯቸው። ከዚያ በራስዎ ምርጫ፣ ሻጩ በማያውቀው መካኒክ ክሪክ ላይ ትሰቀል። ዝገት፣ የዘይትና የራዲያተር ውኃ ፍሳሽ፣ የካምቢዮው ሁኔታ፣ የፍሬኑ ውፍረት ይታይ። የባለቤትነት ወረቀቷ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ካለ ዋጋው ቢጥምም ደህና ሰንብቺ ይበሏት። በሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና በስምዎ ሲዞር የደኅንነት ምርመራ ማለፍ ስላለባት፣ ወጪውን ማን እንደሚችል አስቀድመው ይነጋገሩ።

የዝምድናው ነገር

«ያገር ልጄን መካኒክ ጋ ልውሰድህ ብለው አላመነኝም ይላል» የሚል ሐሳብ እንደሚይዝዎት አውቃለሁ። እኔንም የያዘኝ እሱ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ሳልጠይቀው ቀርቼ ገንዘቤንም፣ ወዳጄንም አጣሁ። ማስመርመር አለማመን አይደለም፤ ወዳጅነትን ማትረፊያ ነው። ንጹሕ ሻጭ «ውሰዳት፣ አሳያት» ይልዎታል። ፊቱ ከጠቆረ ግን መልሱን ያለ መካኒክ አገኙ ማለት ነው።

ፍርዴ ይኸውልዎ። ሚኒቫኑን ይግዙ። አዲሷን ለጊዜው ይተዉዋት። የ2014ቷ ምርመራውን ካለፈች ይውሰዷት፤ የቀረችውን 2 ሺህ ዶላር አይንኳት፣ የመጀመሪያው ዓመት ጥገና ናት። ካላለፈች አይቸኩሉ፤ ሁለት ወር ብዙ ነው፣ ሲየናም ሞልቷል።

ጓደኞችዎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብለው ቢስቁብዎት ይሳቁ። የኔዎቹም ስቀዋል። ከዚያች ክፉ ሌሊት በኋላ በሯም ተጠግኖ፣ ቺንጋዋም ተቀይሮ፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ ራሷ ገብታ የተቀመጠች ቀን ዞር ብላ ያለችኝን ልንገርዎትና ልሰናበት፦ «እሰይ፣ ዛሬስ እንደ ሰው ገባሁ።»

ሳምንት በሌላ ጥያቄ ያገናኘን።