ሥራው የማን ነው? ቀድሞ ለከፈለው!

በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣቱን ልብ ቶሎ የሚያሸፍት አንድ ምስል አለ። ሰማያዊ ባሕር፣ ያት የሚባለው ነጭ የቅንጦት ጀልባ፣ ዩኒፎርም የለበሱና ፈገግታቸው የማይጠፋ ሠራተኞች። ከሥሩ «ምግብና መኝታ ነፃ፣ ደመወዝ በዩሮ፣ የሥራ ልምድ አይጠየቅም» የሚል ጽሑፍ ይከተላል። የአነቃቂ ተናጋሪው ምክርም አይቀርም፤ «ቆርጦ የተነሣ ያገኘዋል!»

ሥራው መኖሩ እውነት ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወለል የሚያጥብ ወይም እንግዳ የሚያስተናግድ ጀማሪ በወር ከ2,000 ዩሮ በላይ ሊያገኝ ይችላል። ጀልባው ለጎብኚ የሚከራይ ከሆነ ደግሞ ጉርሻ ይጨመርለታል። «ቢሎው ዴክ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርኢት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሕይወት በየሳሎኑ አስገብቶታል። ካሜራው ገብቶ የማያሳየው ግን በሩ ላይ ያለውን ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ይቆጠር። መጀመሪያ የደህንነት ሥልጠና አለ፤ እሳት ማጥፋት፣ ባሕር ላይ አደጋ ሲደርስ በሕይወት መቆየት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ። አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቀጥሎ የባሕር ሠራተኛ የጤና ምርመራ ይመጣል። ሁለቱንም ጀማሪው ከኪሱ ይከፍላል። ከዚያ ትኬት ቆርጦ ወደ ፈረንሳይዋ አንቲብ ወይም ወደ ስፔኗ ፓልማ ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ጀልባዎች ለሙቀቱ ወቅት ሠራተኛ የሚያሟሉት እዚያ ነውና።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት በእነዚህ ወደቦች ማለዳ ማለዳ የሚታየው ትዕይንት አንድ ዓይነት ነው። ወጣቶች ሲቪያቸውን ይዘው በቆሙት ጀልባዎች ፊት እየተመላለሱ «ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ?» ይላሉ። የቀናው የአንድ ቀን የጽዳት ሥራ ያገኛል። ያልቀናው ነገም ይመለሳል። ነገሩ ሳምንት ሊፈጅ፣ ወርም ሊያልፍ ይችላል። የአልጋው ኪራይና የምግቡ ወጪ ግን አንድም ቀን አያርፍም። ታዲያ እስከ መጨረሻው መቆየት የሚችለው ማን ነው? ጎበዙ? አይደለም፤ ከቤቱ ገንዘብ የሚላክለት ነው። ጎበዝ ሆኖ ኪሱ የሳሳው ልጅ አንድም ካፒቴን ሳያየው ወደ አገሩ ይመለሳል።

ከገንዘቡ ሌላ ፓስፖርትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በወደቡ እስከፈለገ ሥራ ሲፈልግ ሊከርም ይችላል። የብሪታንያ ዜጋ እንኳ አገሩ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ያለ ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘውስ? ኅብረቱ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያውያንን የሼንገን ቪዛ መጠበቂያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት አራዝሞታል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጣቸው ወስኗል። ለቪዛው የሥራ ውል ይጠየቃል። ለሥራ ውሉ ወደቡ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ወደቡ ላይ ለመገኘት ደግሞ ቪዛ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

«የትኛውም ሙያ የመግቢያ ዋጋ አለው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ለሥልጠናው ክርክሩ ያስኬዳል፤ እሳት ማጥፋት የማያውቅ ሰው ባሕር ላይ ለራሱም ለባልደረባውም አደጋ ነው። ለትኬቱ፣ ለቪዛውና ለጥበቃው ግን አያስኬድም። እነዚህ ወጪዎች አንድም ሙያ አያስተምሩም። የሚያጣሩት ድሃውን ብቻ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከድሃው ጋር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ መርከበኛ ለመቀጠር ብሎ ለአገናኝ ክፍያ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። የጤና ምስክር ወረቀቱን፣ የመርከበኛ ደብተሩንና ፓስፖርቱን ራሱ ሊሸፍን ይችላል። የቪዛው ወጪ ግን በመርከቡ ባለቤት ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ተጽፏል።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? ሁለት ቦታ። ስምምነቱ የሚመለከተው ለንግድ የሚሠሩ መርከቦችን ስለሆነ፣ ባለጸጋው ለራሱ መዝናኛ ብቻ የሚጠቀምበት ጀልባ ከሕጉ ውጭ ይቀራል። ሁለተኛው ይብሳል። በወደቡ የሚመላለሰው ወጣት ገና የማንም ሠራተኛ አይደለም። ሲቀጠር ትኬቱን ገዝቶ፣ ቪዛውን ከፍሎ፣ ኪራዩን ጨርሶ ነው። ባለቤቱ ሊከፍለው የሚገባው ወጪ ውል ከመፈረሙ በፊት በሥራ ፈላጊው ኪስ ተጠናቋል።

ባለቤቶቹ አቅም አንሷቸው ይሆን? በዘርፉ የተለመደው ግምት ለዓመት ማንቀሳቀሻ የጀልባውን ዋጋ አንድ አሥረኛ መመደብ ነው። 50 ሚሊዮን ዩሮ ለወጣበት ጀልባ ይህ በዓመት 5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ከዚህ ውስጥ የአንድ ጀማሪ ትኬትና ቪዛ የሚታይ ገንዘብ አይደለም።

ነገሩ አዲስ አበባ ሲደርስ መልኩ ይቀየራል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። እዚህ የወደቡን ቦታ የሚይዘው ደላላው ነው። «የመርከብ ሥራ አለ፣ ለፕሮሰስ ይህን ያህል አስገባ» ይላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቤተሰብ ተበድሮ ይከፍላል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። እነዚህን ከሥራ ፈላጊው የሚጠይቅ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ በእጁ ሥራ የለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ባሕር ዳር መሄድ በቂ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ወደብ ከሌላት አገር ወጣቶችን አሠልጥኖ ለዓለም አቀፍ መርከቦች መሐንዲስ ያደርጋል። ማንም በአንቲብ ወደብ ሲቪ ይዞ እንዲንከራተት አልተጠየቀም። የጭነት መርከብ ከሠልጣኙ ደጅ ድረስ ሄዶ ሠራተኛ መምረጥ ከቻለ፣ የቅንጦት ጀልባ የማይችልበት ምክንያት የለም። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ይሁን፤ ውሉ ከትኬቱ ይቅደም፤ የግል ጀልባዎችም ከሕጉ በታች ይግቡ። የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ቻናሎችም «ክፈል» የሚለውን ሁሉ ከገጻቸው ያውርዱ።

እስከዚያው «ቆርጦ የተነሣ ያገኘዋል» የሚሉት ዝም ቢሉ ይሻላል። ቆርጦ የተነሣ ድሃ ሞልቷል። ጀልባውን የገዛ፣ የሠራተኛውን ትኬትም ይግዛ።