«ተዛውረናል» ያላችሁት ለማን ነው?

«ደንበኛዬ ያውቀኛል፤ ፈልጎ ይመጣል።» ይህን ከነጋዴ አፍ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማን ነው ፈልጎ የሚመጣው? የት ብሎ ነው የሚፈልገው?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ስንቱን ሱቅ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ እንዳስነሳ የአዲስ አበባ ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም። የፒያሳዋን ዶሮ ማነቂያ የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ከእንግዲህ አያያትም። የተነሳው ነጋዴ ገርጂ ገባ፣ አያት ገባ፣ ጀሞ ገባ። አዲሱን ቤት ቀለም ቀባ፣ ጂፕሰሙን አሠራ፣ መብራት የሚረጭ ታፔላ ሰቀለ። ንግድ ቢሮ ሄዶ የፈቃዱን አድራሻ አስለወጠ፤ ገቢዎችም ሄደ፤ ካልሄደ እንደሚቀጣ ያውቃላ! ጉግል ማፕ ላይ ያለው ፒን ግን ዛሬም ፒያሳ ቆሟል፤ ድሮ ሱቁ በነበረበት፣ አሁን ሰው ሶምሶማ በሚሮጥበት የእግረኛ መንገድ ላይ። እሱን አለማዛወር ቅጣት የለውምና ማን ያስታውሰዋል?

ተቻኩሎ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ የወጣን ሰው ያን ሰሞን ስለ ስልክ ካርታ ለምን አላሰብክም አልለውም። ግፍ ነው። የምናገረው ከተደላደለ፣ ኪራይ መክፈል ከጀመረና «ገበያ የለም» እያለ ማማረር ካበዛ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

«ተዛውረናል» የሚል ባነር አሠርታችሁ የፈረሰው ቤታችሁ ዙሪያ በታጠረው ቆርቆሮ ላይ ለጠፋችሁ። ቆርቆሮው ተነሳ፤ ባነሩም አብሮት ሄደ። እኛ አገር አድራሻ የምንለው እኮ ድሮም የቤት ቁጥር አይደለም፤ «ከማደያው ወረድ ብሎ፣ ከጁስ ቤቱ ጎን» ነው። አሁን ጁስ ቤቱም ፈርሷል። ምልክቱ ከናንተ ጋር አብሮ በጠፋበት ከተማ፣ የቀረችው አድራሻ ያቺ ፒን ብቻ ናት። ራይድ የጠራው ደንበኛ እሷን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሾፌሩ «ደርሰናል» ይላል፤ ሰውየው በመስኮት ሣርና አበባ ያያል። ስልክ ከደወለና ካነሳችሁለት ዕድለኞች ናችሁ። ካልደወለ «ዘግተዋል» ብሎ ከሚቀጥለው ሱቅ ይገዛል።

ደግሞም የሚያውቃችሁ ደንበኛ ብቻ አይደለም ያመለጣችሁ። ጉግል በአካባቢ ፍለጋ ማንን እንደሚያስቀድም የሚወስንባቸውን ሦስት ነገሮች ራሱ በይፋ ጽፏቸዋል፦ የምትሠሩት ሥራ ከተፈለገው ጋር መግጠሙ፣ ከፈላጊው ያላችሁ ርቀት፣ እና ታዋቂነታችሁ። ርቀት የምትለዋን ያዙልኝ። ገርጂ ቁጭ ብሎ «መነጽር ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው አለ። እናንተ እሱ ማኪያቶ ከሚጠጣበት ካፌ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናችሁ። ፒናችሁ ግን ፒያሳ ናት። ስለዚህ ለዚህ ሰው ከከተማው ማዶ ናችሁ፤ ስማችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ዝቅ ይላል፣ ወይ ከነጭራሹ አይመጣም። ፒያሳ ሆኖ የሚፈልገው ደግሞ ያገኛችሁና የሌለ ሱቅ ድረስ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል ከስራችኋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው «ዲጂታል ማርኬተር» ነኝ ባዩ ልጅ ብቅ የሚለው። «ጋሼ፣ ቁጥር አንድ ላይ አወጣዎታለሁ» ይላል። ጉግል በገንዘብ የአካባቢ ደረጃ እንደማይሸጥ በግልጽ ጽፎ ሳለ! ማስታወቂያ ይሸጣል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ምን ያደርጋል? አዲስ ፒን ይከፍታል። ምክንያቱም ቀላሉ እሱ ነው፤ አሮጌውን ለማግኘት መድከም የለበትም፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሂሳቡን ይቀበላል።

የማውቃቸው አንድ መነጽር ሻጭ ላይ የሆነው ይኼው ነው። ፒያሳ እያሉ ለዓመታት የተጠራቀመ አስተያየት ነበራቸው፤ ከደሴ የመጣች ልጅ «ለእናቴ ያሠራሁት መነጽር አሪፍ ነው» ብላ ከነፎቶው የለጠፈችው ሳይቀር። አዲሱ ፒን ባዶውን፣ ያለ አንድ ኮከብ ገርጂ ተተከለ። አሮጌው ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ አንዱ «ሄጄ አጣኋቸው» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጠው። ቀጥሎ ሌላው መንገደኛ «በቋሚነት ተዘግቷል» ብሎ ጠቆመ፤ ጉግልም ተቀበለው። ማንም አላፊ አግዳሚ የሰውን ሱቅ «ዝግ ነው» ማለት እንዲችል የፈቀደ ድርጅት፣ ባለቤቱ አቤት ሲል ብዙ ጊዜ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው የሚመልስለት፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ያም ሆነ ይህ የመነጽር ሻጩን ሱቅ በስሙ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው «በቋሚነት ተዘግቷል» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ሆነ። እሳቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው መነጽር ይወለውላሉ።

አሮጌውን ፒን ትቶ አዲስ መክፈት ለዓመታት ዕቁብ ጥሎ ጥሎ፣ ዕጣው ሊወጣ ሲል ሌላ ዕቁብ እንደ መግባት ነው። አስተያየቱ፣ ፎቶው፣ ኮከቡ የተጻፈው በአሮጌው ስም ነው። መደረግ ያለበት የዚያኑ አድራሻ መቀየር ነው፤ የተጠራቀመው ሁሉ በአብዛኛው አብሮ ይከተላል። ተሳስቶ ሁለት የከፈተም አዲሱን ግልባጭ ነው ብሎ እንዲነሳ ያመልክትና አሮጌውን ያዛውር።

አዎ፣ ጣጣ አለው። አድራሻ ስትቀይሩ ጉግል እንደገና ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ነው፦ መንገዱ፣ ታፔላው፣ ውስጡ፣ ከዚያም ባለቤት መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ። መነጽር ሻጩ በመጨረሻ አሮጌውን ፒን ለማዛወር ስልካቸውን ወደ ሕንፃው ቀና ሲያደርጉ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ። «እዚህ ጋ መቅረጽ ክልክል ነው!» የራሳቸውን ታፔላ! «ልጄ፣ ሱቄ እኮ ናት» አሉት። «ቢሆንስ፣ ከአስተዳደር ወረቀት ያምጡ።» ወረቀቱን አምጥተው ቀረጹ። በዚያ ዕድሜያቸው እሳቸው ከቻሉ፣ ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ የምትውሉት የሱቁ ወራሾች ምን አቃታችሁ?

በዚያ ላይ የፌስቡክ ገጻችሁ «ፒያሳ» ይላል፣ የቴሌግራም ቻናላችሁ «ገርጂ» ይላል፣ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል በየቦታው በተለያየ አጻጻፍ ተጽፏል፣ ስልኩ አንዱ ጋ የአባት፣ አንዱ ጋ የልጅ ነው። ከዚያ ጉግል ግራ ገባው ብላችሁ ትገረማላችሁ። ደንበኛውስ? አንድ ስም፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አድራሻ፣ ከነፎቁ ቁጥር። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይህ ሁሉ ሱቅ ተጠጋግቶ «ፎቁን ጠይቁ» ማለት አድራሻ አይደለም።

አቋራጩንም ተዉት። በስማችሁ ላይ «በገርጂ ምርጡና ርካሹ መነጽር ቤት» ብሎ መደረት ደንብ መጣስ ነው፤ ገጹን ሊያሳግድ ይችላል። የአጎት ልጆችን ሰብስቦ ባለ አምስት ኮከብ ማስጻፍም እንደዚያው። አዲሱ ሰፈር ውስጥ የገዛችሁን እውነተኛ ሰው «እስቲ አስተያየት ጻፍልኝ» ማለት ያሳፍራል እንዴ? ቅናሽ ሲለምናችሁ እሱ መች አፈረ! ይህ ሁሉ ተደርጎም ደረጃው በሳምንት አይመለስም፤ ገርጂ ከናንተ በፊት የነበሩ መነጽር ቤቶች አሉ፤ እነሱም ደንበኛ አላቸው።

ግን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ አሮጌው ፒን በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው? በብዙ ሱቅ መልሱ «ድሮ እኛ ጋ ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ» ነው። ልጁ ዛሬ ዱባይ ነው፣ ወይም ተጣልታችኋል፣ ወይም የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። ጉግል ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ያዢው በቀናት ውስጥ ካልመለሰ ባለቤትነታችሁን አረጋግጣችሁ የምትረከቡበት መንገድ አለ። ዛሬ ማታ ሱቁን ዘግታችሁ ቤት ስትገቡ ያንን ጥያቄ ላኩ። ለልጁም ደውሉለት፤ ከተጣላችሁም ታረቁ።